የሉህ ዐሥራ አራት ኅዳግ

ጥቅምት 4 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ፣ ዓይንዎ፣ ያ የማይቀረው የጠዋት እርምጃዎ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ለእርስዎም ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ። ደብዳቤ ከጻፍኩልዎ ሁለት ዓመት ማለፉን አውቃለሁ፤ ሰበብ አላበዛም።

ከሰው ቅጥርነት ወጥቼ የራሴን የፍሬም መሥሪያ ከፍቻለሁ። አንድ ክፍል ናት፤ ከፊት መስኮት፣ ከኋላ የመቁረጫ ጠረጴዛ አላት። ሰው ሥዕል፣ የምርቃት ፎቶ፣ የጨቅላ ልጅ የእግር አሻራ ያመጣል፤ እኔ በእንጨትና በመስታወት አሰናድቼ እመልሳለሁ። ዘንድሮ ግን አዲስ ነገር መጥቷል። ደንበኞቼ የድሮ ካርታ በግድግዳቸው ላይ መስቀል ይፈልጋሉ። የዓለም ካርታ አይደለም፤ እሱ በየሱቁ ሞልቷል። የሚፈልጉት የከተማ ዳር ካርታ ነው፤ ሰፈሩ ገና ሲቆረቆር፣ ግማሹ እርሻ ግማሹ ቤት ሳለ በእጅ የተነደፈውን። የየትኛው ከተማ እንደሆነ እንኳ አይጠይቁም። አንድ የጥርስ ሐኪም ለታካሚዎቹ መጠበቂያ ክፍል የሚሆን አዞኝ፣ ከየት እንደማመጣለት ግራ ገብቶኛል።

ያኔ እርስዎ ትዝ አሉኝ። አያቴና እናትዎ እህትማማቾች በመሆናቸው ክረምት ክረምት እርስዎ ዘንድ ስላክ፣ ከአልጋዎ ሥር የተጠቀለሉ ትልልቅ ሉሆች ነበሩ። አንዱን ልፈታ ስል እጄን በማስመሪያ መትተውኛል። ማስመሪያው የብረት ነበር።

ሉሆቹ ዛሬም ካሉ፣ ጥቂቶቹን ይልኩልኛል? እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቃቸዋለሁ።

ልጅዎ፣
ችኩሌ


ኅዳር 2 ቀን

ለችኩሌ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እጅህን ከምላጭ፣ ዓይንህን ከስንጣሪ ይጠብቅልህ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ላይ ያጉረመርማል፤ ግን ይታዘዛል።

ሁለት ዓመት አይደለም። ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ነው።

ሉሆቹ አሉ። ከየት እንደመጡ ሳታውቅ እንዳትሸጣቸው ልንገርህ። በቅየሳ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳፊ ሆኜ ሠርቻለሁ። ክፍላችን ስድስት ጠረጴዛ ነበረው፤ መስኮቶቹ ፀሐይ የማይገባባቸው ነበሩ፤ ቀለም በእኩል እንዲደርቅ። ቀያሾቹ ሜዳ ውለው ጭቃ የነካው ማስታወሻ ይዘው ይመጣሉ፤ እኛ ቁጥሩን ወደ መስመር እንለውጣለን። ያለቀ ቤት በሁለት ሰያፍ መስመር፣ ያላለቀ ቤት በአንድ። አጥር በነጠብጣብ። ግማሽ ሚሊሜትር ተሳስቶ ያመጣልኝን ቀያሽ ወደ ሜዳው ስለምመልስ ስሜ ቀርቶ «እትዬ ሚሊሜትር» ተባልኩ። ስድብ መሆኑን አውቅ ነበር፤ አልጠላሁትም።

መሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ሲያስገባ የድሮ ሉሆች ለመጠቅለያ ሊሸጡ በር ላይ ተከመሩ። ጡረታ ልወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረኝ ነው። ኃላፊውን አስፈቅጄ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ አስፈርሜ፣ የቻልኩትን ይዤ ወጣሁ።

ሰባት ሉህ እልክልሃለሁ፤ ከስምንት እስከ ዐሥራ አራት ያሉትን። ሁሉም የኔ ሥራ ናቸው። ዐሥራ አራተኛው አሁን የምኖርበት ሰፈር ነው፤ ላስቀረው አስቤ ነበር። ግን ሰባቱ በአንድ ዓመት የተነደፉ ስለሆኑ አንዱን ማስቀረት ከሰባት እንግዳ አንዱን በር ላይ እንደማስቆም ሆነብኝ።

ሙጫ አታስነካቸው። አጥፈህ አታስቀምጣቸው፤ ጠቅልላቸው እንጂ። ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አይሰቀሉ። ተሰቅለው ሳሉ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

አክስትህ


ጥር 10 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምዎ ይብዛ። እጅዎን ይባርክልኝ፤ ሳይጨማደዱ፣ አንድም ጥግ ሳይታጠፍ ደረሱ። ቱቦውን ስከፍት የቀለሙ ሽታ ጭምር ወጣ ብል አያምኑኝም።

ሁሉም ተሰቅለዋል። ሁለቱ አንድ ሆቴል መግቢያ ላይ፣ አንዱ ጠበቃ ቢሮ፣ ሦስቱ በሰው ሳሎን ናቸው። ዐሥራ አራተኛውን የጥርስ ሐኪሙ ወሰደው። ልሰቅልለት ሄጄ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁ፤ ሰዎቹ ሲያዩት ማየት ፈልጌ። አንዲት ሴትዮ ከወንበሯ ተነስታ ቀረበችና፣

«ይሄ ነጭ ቦታ ምንድነው? ረስተውት ነው?» አለች።

«እርሻ ነው፤ ያኔ ገና ቤት አልነበረም» አልኳት።

ጉንጩ ያበጠ አዛውንት በጣቱ መስታወቱን ነካ ነካ አድርጎ፣ «እኔ ብሆን ቤቴን እዚህ ጋ ነበር የምሠራው» አለ።

«አባቴ፣ እሱ ወንዝ ነው» አለችው ጸሐፊዋ።

«የታመመው ጥርሴ ነው እንጂ ዓይኔ አይደለም። ወንዙን አይቼ ነው የመረጥኩት።»

ሁሉም ሳቁ። ሐኪሙ፣ ያን ቀን ታካሚ ስሙ ሲጠራ እንደወትሮው አይደነግጥም ነበር ብሎኛል። የእርስዎ ሥራ ነው እንግዲህ።

ፎቶውን ከዚህ ጋር አድርጌያለሁ። መብራት ያለው ማጉያ መስታወትም ልኬያለሁ፤ ለንባብ ይሆንዎታል።

ልጅዎ፣
ችኩሌ


መጋቢት 1 ቀን

ለችኩሌ፣

ሰላም ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ሥራህ ይቃናልህ። ማጉያው ደርሶኛል፤ ጥሩ ነገር ነው።

ፎቶህን በእሱ አየሁት። ከፍሬሙ ሥር የለጠፍከው ጽሑፍ «የከተማ ዳር፤ ነዳፊው ያልታወቀ» ይላል። የማውቃት ይመስለኛል። እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። ጠርዙን ለማየት ሞክሬ ነበር፤ ከላይ የመብራት ነጸብራቅ፣ ከታች የወንበር መደገፊያ ጋርዶታል።

አሁን የምጽፍልህ ጉዳይ ሌላ ነው፤ ሁለተኛ እንዳልጽፈው በጥሞና አንብበው።

በሰፈራችን አዲስ ሰፊ መንገድ ሊያልፍ ነው። በቀኝ በኩል ያሉት ዐሥራ ሁለት ቤቶች ይፈርሳሉ። የእኔም አንዱ ነው። የመንገዱ ፕላን ከመጽደቁ በፊት ቤቱ የነበረ መሆኑን በቅየሳ ካርታ ያረጋገጠ ምትክ ቦታ ይሰጠዋል። ያላረጋገጠ በሕገ ወጥ ግንባታ ተመዝግቦ ያለ ምንም ይነሳል። ማስረጃው ለሚያጣራው ኮሚቴ የሚቀርብበት ቀን ሰኔ 20 ነው። መዝገብ ቤት ሄጄ የሉህ ዐሥራ አራትን ቅጂ ጠየቅሁ። ኃላፊው መደርደሪያው ላይ ያለውን ክፍተት በጣቱ አሳየኝ። ሕንፃ ሲቀይሩ ነው የጠፋው። በዓለም ላይ ያለው አንድ ሉህ ጥርስ ሐኪሙ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ነው ማለት ነው።

ጎረቤቴን ልብስ ሰፊዋን ታውቃታለህ፤ ሱሪህን ስትጠግንልህ የኖረችው ናት። ነገሩን ስነግራት መርፌዋን አፏ ውስጥ እንደያዘች ሰማችኝና፣

«እትዬ፣ መልካም ዜና ነው እኮ። ካርታው የት እንዳለ ያውቃሉ። የኔ መቀስ እንኳ የት እንዳለ አይታወቅም» አለች።

እሷ ልጅ ሆና አባቷ የሠራው ቤት ነው። የኔን ደግሞ ራሴ ነኝ የሠራሁት፤ በደመወዜ። በሉሁም ላይ ያኖርኩት እኔው ነኝ፤ ሁለት ሚሊሜትር በሦስት።

ሉሁን መልስልኝ። ሐኪሙ የከፈለህን መልስለት፤ እኔ እተካልሃለሁ።

አክስትህ


ሚያዝያ 8 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላምና ጤና እመኝልዎታለሁ። አየሩ እንዴት ነው? እዚህ ጭጋጉ አልለቀቀም። ጉልበትዎን ያሙቁ፤ ያቺን የሱፍ ብርድ ልብስ ይጠቀሙባት።

ደብዳቤዎ ደርሶኝ በጣም አሳስቦኛል። ስልክ ደውዬ ነበር፤ ሰፊዋ አንስታ «እትዬ ጉዳይ በስልክ አያወሩም፤ ጻፍ» አለችኝ። ሐኪሙ ለሥራ ወጣ ብሏል፤ እስኪመለስ እየጠበቅሁ ነው። እስከዚያው አንድ ነገር አስቤያለሁ። ሉሁን እዚሁ በጥሩ ማሽን አስነስቼ፣ ከዋናው የበለጠ ጥርት ያለና ትልቅ ቅጂ ልላክልዎ? ቀለሙ አይለቅም፤ ቤቶቹ ሁሉ ይታያሉ። ለኮሚቴም ለማየት ይቀላል።

ለቤቱ ጉዳይ የሚሆን ገንዘብም ካስፈለገ አይጨነቁ።

ሰፊዋን ሰላም ይበሉልኝ።

ችኩሌ


ግንቦት 3 ቀን

ለችኩሌ፣

ሰላም ላንተ ይሁን።

ያልጠየቅሁህን አራት ነገር መልሰሃል። ስለ አየር፣ ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ቅጂ፣ ስለ ገንዘብ። ኮሚቴው መዝገብ ቤት ያላረጋገጠውን ቅጂ አይቀበልም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ኅዳጉ አለ?

ኅዳግ የምልህ በካርታው ዙሪያ ካለው መስመር ውጭ ያለውን ነጭ ወረቀት ነው። ከላይ የሉሁ ቁጥር አለ። በቀኝ የተቀየሰበት ወርና ዓመት። ከሥር ስኬሉ፣ የቀያሹ ስም፣ የኔ ስም፣ የኃላፊው ፊርማና ማኅተም። ኮሚቴው የሚያየው መጀመሪያ እሱን ነው። ያለ እሱ ሉሁ መቼ እንደተነደፈ፣ ማን እንደነደፈው፣ የት እንደሆነ አይናገርም።

አለ ወይም የለም ብለህ ጻፍ።

አክስትህ


ግንቦት 24 ቀን

ለተከበሩ እትዬ፣

ሰላም ለእርስዎ። የለም።

ሰባቱንም ቆርጫቸዋለሁ። በደረሱ ማግስት ነው። ሰው ግድግዳው ላይ ንጹሕ ምስል እንጂ ጽሑፍ አይፈልግም፤ ማኅተሙም ደብዝዞ እድፍ ይመስል ነበር። በረጅሙ የብረት ማስመሪያ ላይ አድርጌ በአዲስ ምላጭ ቆረጥኩት። ቁርጥራጩን በዚያው ሳምንት ከእንጨት ፍቅፋቂ ጋር አወጣሁት። ፈልጌዋለሁ፤ የሚገኝ ነገር አይደለም። ሐኪሙም የትም አልሄደም ነበር። ስለዋሸሁዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ትናንት ሄጄ ጠየቅሁት። ታካሚ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ እየጠበቀ ነበር።

«ለአንድ ካርታ ይሄን ያህል ላብ?» አለኝ።

«ዐሥራ ሁለት ቤት ነው፣ ዶክተር።»

«እዚህ ውስጥ?»

«አዎ፤ ከወንዙ በላይ። ሰው አሁንም አለበት።»

ጓንቱን አውልቆ መጥቶ፣ አፍንጫው መስታወቱን እስኪነካ ቀርቦ አየው። ከዚያ ብሎኑን ራሱ ፈታው። ገንዘብ አልቀበልም አለ። አፉን ከፍቶ የቀረው ሰውዬ «ጨረሳችሁ?» ሲል ነው የተለያየነው።

ሉሁን ወደዚያ በሚመጣ የታመነ መንገደኛ ልኬዋለሁ፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በአንድ ላይ ይደርስዎታል።

አንድ ነገር ልበል፤ ይቆጡኝ። ኅዳጉን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ቁጥሩን፣ ወሩን፣ ስሞቹን ያውቋቸዋል። ብዕሩም ቀለሙም አለዎት። የድሮ ወረቀት ቁራጭ ቀጥለው መልሰው ቢጽፉት ውሸት አይሆንም። እንዲያውም እውነቱን መመለስ ነው። ማን ያውቃል?

ችኩሌ


ሰኔ 25 ቀን

ለችኩሌ፣

ሰላም ይድረስህ፤ ሥራህን ይባርክልህ።

ሉሁ ሰኔ 13 ደረሰ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ለካሁት። ከላይ፣ ከግራና ከቀኝ መስመሩ ላይ ነው የቆረጥከው። ከታች ግን ከመስመሩ ወደ ውስጥ አንድ ጣት ገብተሃል። በስኬሉ አንድ ጣት በመሬት ላይ ሠላሳ ሜትር ነው። እዚያ ውስጥ የነበሩት ሦስት ቤቶች ናቸው፤ የቆርቆሮ ሠሪው፣ የጡረተኛው መምህርና የእኔ።

«ማን ያውቃል» ያልከውን ሰፊዋም አለችው። ማታ ልታየኝ መጥታ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ፣

«እትዬ፣ ከታች ወረቀት ይቀጥሉና ሦስቱንም ይሣሏቸው። አልነበሩም እንዴ?»

«ነበሩ።»

«የት እንደነበሩ አያውቁም?»

«በሚሊሜትር አውቃለሁ።»

«ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

«ወረቀቱ። ቤቶቹ ያኔ ነበሩ፤ ወረቀቱ ግን ያኔ አልነበረም።»

«እርስዎ ለመተኛትም ማስመሪያ ሳያስፈልግዎ አይቀርም» ብላ ተቀመጠች። ቆይታ ደግሞ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «የኔስ ቤት? ላይኛው ላይ ነው ያለሁት፤ ጽሑፉ ብቻ ነው የጎደለኝ። ለኔ ብለው አይጽፉልኝም?» አለችኝ።

 ከሄደች በኋላ ብዕሩን አውጥቼ ጫፉን ጠረግሁ። በአሮጌ ደብተር ጀርባ ላይ ኅዳጉን ከላይ እስከ ታች ጻፍኩት። እጄ ዘገየ እንጂ ፊደሉ ያው ነው። ትንሽ ብለማመድ ሊያውቀው የሚችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ይህን የምነግርህ እንዳላሰብኩት እንዳይመስልህ ነው። ከዚያ ደብተሩን ዘጋሁት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በትክክል ያልተለካውን አልነድፍም ብዬ ስንት ሰው በፀሐይ ወደ ሜዳ መልሻለሁ። አንዱ ቀያሽ እያለቀሰ ነው የተመለሰው።

ጠዋት ሌላ ነገር አሰብኩ። የሰፊዋ ቤት በሁለት ሉህ ድንበር ላይ ነው፤ የስፌት ክፍሏ ዐሥራ አራት ላይ፣ መኝታዋ ዐሥራ አምስት ላይ። ዐሥራ አምስትን ማን ይፈልገዋል ብዬ አሰላሁ። ዋናው የውሃ ቧንቧ የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው። ውሃ ክፍል ሄድኩ፤ ከኮሚቴው ቢሮ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ነው። ሉህ ዐሥራ አምስት ግድግዳው ላይ አለ። ፍሬም የለውም፤ በአራት ሚስማር ተመቷል። በእርሳስ የተጻፉ የቧንቧ ቁጥሮች ሞልተውበታል። ኅዳጉ ግን ሙሉ ነው፤ ከነማኅተሙ።

«ላውርደው?» አልኩት የቧንቧ ሠራተኛውን።

«እማማ፣ ይሄን ካወረዱት ግማሹ ከተማ ፊቱን አይታጠብም።»

ስለዚህ ሰኔ 20 ላይ ኮሚቴውን ወደ ግድግዳው አመጣሁት። መጀመሪያ ሊቀ መንበሩ፣ በዕድሜ የልጅ ልጄ የሚሆን ሰው፣ ሉሁን ገለባብጦ አይቶ፣

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሥዕል ነው። ቀኑ የታለ?» አለኝ።

«ታች ነው ያለው» አልኩት።

«የት ታች?»

«ሁለት ፎቅ ታች። ደረጃውን እኔ ከወረድኩት እናንተም ትወርዱታላችሁ።»

ወረዱ። ሰፊዋም ቆርቆሮ ሠሪውም ተከተሉን። ሉህ ዐሥራ አራትን ከዐሥራ አምስት አጠገብ ግድግዳው ላይ ያዝኩት። ኅዳግ የሌለው በመሆኑ የዐሥራ አምስትን ግራ ኅዳግ ሸፍኖ መስመር በመስመር ላይ ተቀመጠ። ወንዙ ከወንዙ ገጠመ። አጥሩ ከአጥሩ ገጠመ። የሰፊዋ ቤት አንድ ሆነ፤ ሰያፉ መስመር ከስፌት ክፍሏ ተነስቶ መኝታዋ ድረስ ሳይሰበር ሄደ።

እዚህ ላይ አንድ ጥፋቴን መናገር ነበረብኝ። ደንቡ እያንዳንዱ ሉህ ለየብቻው እንዲነደፍ ያዛል። እኔ ግን መሐል ያለውን ኅዳግ ወደ ኋላ ቀልብሼ ሁለቱን ጎን ለጎን በመርፌ አያይዤ፣ ብዕሬን ሳላነሳ ከአንዱ ወደ ሌላው እሻገር ነበር፤ መስመር መሐል መቆም ስለማልወድ። ኃላፊዬ ለዚህ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ወቅሶኛል። ወቀሳዎቹን አቅርቤአለሁ፤ ከቀናቸው ጋር። ማጉያህን ለሊቀ መንበሩ ሰጠሁት። ቀለሙ ዐሥራ አራት ላይ ወፍሮ ጀምሮ፣ እየሳሳ ዐሥራ አምስት ላይ እንደሚያልቅ አየ። ብዙ ጊዜ ወሰደ።

«በአንድ ቀን የተሠሩ ናቸው» አለ ለጓደኞቹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ሌላ ሰው አራት ጊዜ ቢቆርጠው እንኳ እንዲህ አይገጥምም። ማነው የቆረጠው?»

«የአክስቴ ልጅ ልጅ።»

«ጎበዝ ነው።»

«በዚህ በኩል» አልኩ።

ዘጠኙ ቤቶች ጸደቁ። ሰፊዋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ከዚያ ማጉያውን ይዛ ቤቷን ልታይ ተመለሰች። ሦስቱ «ማስረጃ ያልቀረበበት» ተብለው ተጻፉ። ሊቀ መንበሩ፣ «እማማ፣ ቃልዎን እናምናለን። ግን ቃል ፋይል ውስጥ አይገባም» አለኝ። ትክክል ነው። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ ነበር የምለው። ቆርቆሮ ሠሪው እስከ በሩ አብሮኝ ሄደና ወደ ግራ ታጠፈ። ቤቱ በቀኝ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ልወቅስህ አይደለም። ሦስቱን ጎን መስመሩ ላይ እንዲህ አስተካክለህ የቆረጥክ ሰው አራተኛውን ለምን ወደ ውስጥ ገባህ?

አክስትህ


ሐምሌ 17 ቀን

ለእትዬ፣

እንደምን ነዎት ማለት ዛሬ አፌ አልታዘዝ አለ። ጤናዎን ይጠብቅልኝ።

የጠየቁኝን እመልሳለሁ። ፍሬሙ ቀድሞ ተሠርቶ ነበር። ሐኪሙ የግድግዳውን ልክ ሰጥቶኝ፣ ሉሁ ከመድረሱ በፊት እንጨቱን ቆርጬ፣ ማዕዘኑን ገጥሜ፣ ቀለም ቀብቼ ጨረስኩት። ሉሁ ሲመጣ በአንድ ጣት ረዘመ። ፍሬሙን ፈትቶ ማስረዘም የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሐኪሙ በማግስቱ ፈልጎት ነበር። ከታች በኩል ቤቶቹ ትንንሽ ናቸው፤ ወንዙም መንገዱም አይነካም ብዬ ከዚያ ቆረጥኩት። የማን ቤት እንደሆነ አላየሁም። ማጉያውን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ በሕጋዊ ወረቀት ጽፌ፣ በውል አዋዋይ ፊት ፈርሜ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ለኮሚቴው ይረዳ እንደሆነ አላውቅም። ስሜና የሱቄ አድራሻ አለበት።

ሌሎቹን ስድስት ሉሆች ከየግድግዳው አስወርጄ ተመልክቻለሁ። ሆቴሉ መግቢያ ላይ ካሉት አንዱም ከታች ተቆርጧል። በጀርባቸው ቁጥሩን፣ ወሩን፣ የቀያሹንና የእርስዎን ስም፣ የቆረጥኩትንም መጠን ጽፌ መመለስ እፈልጋለሁ። ኅዳጋቸውን ያስታውሱታል?

ልምጣ ወይ? ሱቁን ዘግቼ መምጣት እችላለሁ።

ችኩሌ


ጳጉሜን 2 ቀን

ለችኩሌ፣

አዲሱ ዓመት በጤና ያግኝህ።

ወረቀትህን ኮሚቴው ተቀብሎ ከፋይሉ ጋር አያይዞታል። ውሳኔው አልተለወጠም። ቆርቆሮ ሠሪው ይግባኝ ሲል እሱን ይዞ ይሄዳል፤ ለዚህ ጠቅሟል። መምህሩ ልጁ ዘንድ ሄዷል። የእኔ ቤት ነሐሴ 20 ፈረሰ። ቆሜ አየሁት። ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጊዜ ነው የወሰደው፤ ግድግዳው ከጠበቅሁት በላይ ቀጭን ነበር።

አሁን ሰፊዋ በተሰጣት ምትክ ቦታ ላይ ነኝ። ሁለት ክፍል ሠርታለች፤ አንዱን «የሉሁ ክፍል» ብላ ሰጥታኛለች። እኔ ኪራይ ልክፈል ስል «እትዬ፣ ተከራይ ከሆኑ ማማረር አይችሉም፤ ዘመድ ከሆኑ ግን ይችላሉ። የቱን ይመርጣሉ?» አለችኝ። ዘመድነቱን መረጥኩ። ጠረጴዛዬ በበሩ አልገባ ብሎ በመስኮት ነው ያስገባነው። አካባቢው ገና ሜዳ ነው፤ መንገዱ ስም የለውም።

የስድስቱ ሉሆች ኅዳግ በሌላ ወረቀት ላይ ተጽፎ ከዚህ ጋር ተያይዟል። የሉህ ዘጠኝን ቀያሽ ስም እርግጠኛ አይደለሁም፤ ስለዚህ ባዶ ትቼዋለሁ። አንተም ባዶውን ተው።

ለይቅርታ ብለህ አትምጣ፤ ስትናፍቀኝ እጽፍልሃለሁ። ሥራህን ሥራ። ደንበኛው ቢቸኩልም ፍሬሙን ከካርታው በኋላ ሥራ።

አክስትህ፣
ነዳፊዋ